ካራ በወራት፣ ዓይን በዓመታት

ሥጋ ቆራጭ መሆን የሚፈልግ ወጣት ሥጋ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ካራውን ነው። ባለሙያው ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ካራውን ሞረዱ ላይ ሁለት ሦስቴ አስኪዶ፣ ከተሰቀለው ሥጋ አንዱን ቁራጭ አውርዶ ሚዛን ላይ ሲጥለውና ሚዛኑ ልክ ግማሽ ኪሎ ላይ ሲቆም፣ ሙያው ሁሉ እጁ ላይ ያለ ይመስላል። እጅ ግን ከዚህ ሥራ ሁሉ ቶሎ የሚለመደው ነው። ልቡን የሰጠ ልጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ጥብስ ይከትፋል፣ አጥንት ይለያል፤ ብዙም ሳይቆይ ደንበኛ ፊት ይቆማል። ሥጋ ቤትን የሚያቆመውም የሚጥለውም ዓይን ነው፤ የቆመ በሬ አይቶ ቆዳው ሥር ስንት ኪሎ ሥጋ እንዳለ የሚገምት ዓይን። ሙያውን ከሥሩ መማር የሚሻ ሰው ሐሳቡን ወደ ከብት ገበያው ይላክ።

ሁላችንም ሥጋ መቁረጥ የምናውቅ የሚመስለን በምክንያት ነው። ለመስቀል፣ ለገና፣ ለፋሲካ ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፤ ይታረዳል፤ ሥጋው መደብ መደብ ተደርጎ ይከፈላል፤ ዕጣ ይጣላል። ከዚህ ቅርጫ ዙሪያ ቆሞ ጉበት ያልተቀበለ ልጅ ጥቂት ነው። በቅርጫ ግን የሚያተርፍም የሚከስርም የለም። በሬው ኮስሶ ቢገኝ ጉዳቱ ለሁሉም እኩል ይደርሳል፤ ያሙታል፣ ይስቃሉ፣ በልተው ይለያያሉ። ሥጋ ቤት ያለው ሰው ያንን ጉዳት ብቻውን ይሸከማል፤ ያውም በሳምንት ብዙ ጊዜ።

አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ካራሎ፣ ሸጎሌና አቃቂ ባሉ ገበያዎች አብዛኛው በሬ ያለ ሚዛን ይሸጣል። ሻጩ ዋጋ ይጠራል፣ ገዢው ይዞረዋል፣ ይዳብሰዋል፣ ደላላው መሐል ገብቶ እጅ ለእጅ ያጨባብጣል። ገዢው በአፉ ስለ በሬው ይከራከር እንጂ በልቡ የሚያሰላው በኪሎ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው፤ ዋጋው ለምሳሌ ያህል እንጂ የዛሬ ገበያ አይደለም። አንድ ነጋዴ በሬ በ120,000 ብር ገዛ እንበል። ሲታረድ፣ ቆዳው ተገፎ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ 200 ኪሎ ይሰቀላል ብሎ ገምቷል። ሥጋ ተሰቅሎ ሲያድር ውሃው ይተንናል፤ 2 በመቶ ቢቀንስ 4 ኪሎ ሄደ። 36 ኪሎ አጥንት ወጣ። ለሽያጭ የቀረው 160 ኪሎ ስለሆነ አንዱ ኪሎ 750 ብር ላይ ቆመ። አሁን ግምቱ ሳተና በሬው 180 ኪሎ ብቻ ሰቀለ እንበል። በዚያው ሒሳብ ከትነቱና ከአጥንቱ በኋላ የሚቀረው 144 ኪሎ ገደማ ነው፤ አንዱ ኪሎ 833 ብር ፈጀ። በሩ ሳይከፈት፣ አንድ ደንበኛ እንኳ ሳይገባ፣ በየኪሎው ከ80 ብር በላይ ጠፍቷል ማለት ነው። ገና የእርድ ክፍያው፣ ማጓጓዣው፣ የቤት ኪራዩ፣ የሠራተኛው ደመወዝና ግብሩ አልተነሡም። ሆድ ዕቃውና ቆዳው ጥቂት ይክሳሉ፤ የ20 ኪሎ ስህተትን ግን አይሸፍኑም። የቱንም ያህል ጎበዝ ቆራጭ ይህን በካራ አይመልሰውም።

ታዲያ ገዢው ምኑን ነው የሚያየው? ሆዱን አይደለም። ትልቅ ሆድ ጀማሪን የሚያታልል የመጀመሪያው ነገር ነው፤ ውስጡ ያለው ድርቆሽና ውሃ ነው፤ ሻጭ ሌሊቱን ጨው አልሶ ጠዋት ውሃ አጠጥቶት ሊሆንም ይችላል። የኛ አገር ባለ ሻኛ ከብት ከቁም ክብደቱ ተሰቅሎ የሚገኘው ሥጋ በግምት ግማሹ ነው፤ የሆዱ ጭነት ሲበዛ ከግማሽም ይወርዳል። የለመደ ሰው ሻኛውን ያያል፤ የሰባ በሬ ሻኛው ሞልቶ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። የጅራቱን ሥር በጣቱ ይጫናል፤ ጮማ ካለ እዚያ ይገኛል። መዳፉን ጎድኑ ላይ ያሳርፋል፤ አጥንቱ ቢቆረቁረው እጁን ያነሣል። ፍሪምባው የተንጠለጠለ፣ ጀርባው የተዘረጋ መሆኑን ይመለከታል። አፉን ከፍቶ በጥርሱ ዕድሜውን ይገምታል፤ ዘመኑን በእርሻ ጨርሶ በስተመጨረሻ የደለበ በሬ ሥጋው ቢበዛም ጅማቱ ጥርስ ያደክማል። ሲራመድ ያያል፣ ዓይኑን ያያል፣ አፍንጫው እርጥብ መሆኑን ያያል። በደረቱ ዙሪያ ሜትር አዙሮ ክብደት የሚገምትበት ዘዴም አለ፤ ከዓይን ግምት ጋር ሲሠራበት ጥሩ ዳኛ ነው፤ ገበያ መሐል ሜትር አውጥቶ የሚለካ ገዢ ግን እምብዛም አይታይም።

የትውልድ ቦታም ዋጋ አለው። በሐረርጌ ደጋ ገበሬው አንድ ወይም ሁለት ሰንጋ ደጁ ላይ አስሮ፣ ከማሳው የሚነቀለውን ማሽላ፣ ቅጠሉንና ገለባውን በእጁ እያጎረሰ ለወራት ያደልባል። የሐረር ሰንጋ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። የቦረና ከብት ደግሞ በግጦሽ የሚያድግ፣ ግዙፍና ረጅም መንገድ የሚችል ነው። ወላይታም በማድለብ ይታወቃል። ሥጋ ቤት ገብቶ “ከየት ነው?” የሚል ደንበኛ የሚጠይቀው ይህንን ነው። መልሱን ግን ሁልጊዜ ማመን አይገባም፤ ሐረርን ያላየ የሐረር ሰንጋ አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል።

የተገዛው በሬ ወዲያው አይታረድም፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት ማረፍ አለበት። ይህ የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሥጋ ጉዳይም ነው። ከሩቅ አገር በመኪና ተጭኖ፣ ተገፍቶና ተደብድቦ የመጣ ከብት በጡንቻው ውስጥ ያለውን ስኳር ጨርሶታል። በዚህ ሁኔታ ቢታረድ ሥጋው ሊፈጠር የሚገባውን አሲድ አያገኝም፤ ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ እጅ ላይ እየተጣበቀ ይወጣል፤ ቶሎም ይበላሻል። እንዲህ ያለ ሥጋ ያየ ደንበኛ “ያረጀ በሬ ነው” ይላል። ዕድሜው ሳይሆን ድካሙ ሊሆን ይችላል። ሲያርፍ ውሃ ይሰጠዋል፤ መኖ ግን ይከለከላል።

እርዱ የሚካሄደው በቄራ ነው። የአዲስ አበባ ቄራዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1957 የተቋቋመ ሲሆን የክርስቲያንና የሙስሊም እርድ የሚካሄድባቸው ክፍሎች የተለያዩ ናቸው። ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፤ ሥጋውም ወደየሥጋ ቤቱ ለየብቻ ይሄዳል። በሩ ላይ የሚታየው መስቀል ወይም ጨረቃ ይህንን ለደንበኛው የሚናገር ነው። ሥጋ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው በዚህ ነገር ቀልድ እንደሌለ ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ አለበት፤ ካራ መዋዋስ እንኳ የለም።

ከእርድ በፊት ከብቱን፣ ከእርድ በኋላ ሥጋውንና ሆድ ዕቃውን የሚመረምር ባለሙያ አለ። የሕጉ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 274 ነው። መርማሪው ጉበቱን ለጉበት ትል፣ ሳንባውንና እጢዎቹን ለሳንባ ነቀርሳ ያያል። ጥሬ ሥጋ ለሚበላ ሕዝብ ከሁሉም የሚበልጠው ግን የኮሶ ትል ነው። እጩ በከብቱ ጡንቻ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ወይም ትንሽ የሚበልጥ ነጭ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። መርማሪው መንጋጋውን፣ ምላሱን፣ ልቡንና ወርቹን ሰንጥቆ የሚያየው እሱን ፍለጋ ነው። ሥጋው ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ማኅተም ይመታበታል። ማኅተም የሌለው ሥጋ ገዝቶ የሚሸጥ ሥጋ ቤት በሕግም በጤናም ተጠያቂ ነው።

እዚህ ላይ ከአብዛኛው ባለ ሥጋ ቤት ጋር ልለያይ። “ሥጋችን ተመርምሯል፣ አትስጉ” ይላሉ። ምርመራው አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ ከረጢቶቹ ጥቂት ሲሆኑ በጥቂት ስንጥቅ አይገኙም። እጩን በእርግጥ የሚገድለው እሳት ነው፤ ሥጋው መሐሉ ድረስ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይሞታል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለ10 ቀን የበረደ ሥጋም ከእሱ ነጻ ይሆናል፤ የበረዶ ቁርጥ ማን ይበላል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ከብቱ ትሉን የሚያገኘው ከሌላ ከብት ሳይሆን በሰው ዓይነ ምድር ከተበከለ ሣር መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ሜዳ የሚወጣ ሰው፣ ሣሩን የሚግጥ በሬ፣ ቁርጡን የሚበላ ሰው፤ ዙሩ ይህ ነው። ጥሩ ቆራጭ ሥጋ ሲበልት እንዲህ ያለ ነገር ካየ ያንን ብቻ ቆርጦ ጥሎ አይቀጥልም፤ አቁሞ ለባለቤቱ ይናገራል።

እርዱ በአመዛኙ ሌሊት ይካሄድና ሥጋው ማለዳ ላይ በየቤቱ ይደርሳል። የሥጋ ቤት ቀን የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። 200 ኪሎ የሰቀለ በሬ በአራት ሲከፈል እያንዳንዱ ቁራጭ 50 ኪሎ ይመዝናል፤ እሱን ከመኪና አውርዶ፣ በትከሻ ተሸክሞ መንጠቆው ላይ መስቀል የጀማሪ ሥራ ነው። ትኩስ ሥጋ ወዲያው ወደ ኃይለኛ ማቀዝቀዣ አይገባም። ከታረደ በመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት ውስጥ ከ10 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ የበሬ ሥጋ ጡንቻው ተኮማትሮ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ቢያበስሉትም እንደ ጎማ ይለጠጣል። የአዲስ አበባ ሌሊት በራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሥጋውን ቀስ አድርጎ ያበርደዋል። ቆላ አገር ሥጋ ቤት የሚከፍት ሰው ይህ ዕድል የለውም፤ ሥጋውን በዚያው ቀን መጨረስ ወይም ጥሩ ማቀዝቀዣ መግዛት አለበት።

ከዚያ መበለት ይመጣል። ብልቶቹን በስም ማወቅ የሥራው ፊደል ነው። ጭቅና በአከርካሪው ውስጠኛ ጎን የሚገኝ ለስላሳና ትንሽ ብልት ሲሆን ለቁርጥ ይፈለጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ስልክ ለደወለ የቆየ ደንበኛ ይቀመጣል። ሽንጥ ለቁርጥም ለጥብስም ይሆናል። ታላቅና ታናሽ ቀይ የሚበዛባቸው ናቸው፤ ክትፎ የሚፈልግ ሰው ወደ እነሱ ያያል። ጎድን ከአጥንቱ ጋር ለጥብስ ተወዳጅ ነው። ዳቢት፣ ሻኛ፣ ፍሪምባ ጮማ ወዳጅ የሚያዛቸው ናቸው፤ ሻኛ ለብቻው አይበላም፣ ከቀይ ጋር እየተጎረሰ ነው። ወርችና አንገት ጅማት አላቸው፤ ለወጥና ለቅቅል ይሄዳሉ። ቅልጥም ደግሞ የራሱ ወዳጅ አለው። የቆራጩ ጥበብ ብልቱን መለየት ብቻ አይደለም፤ ምሽት ላይ ወርችና አንገት ብቻ ተሰቅሎ እንዳይቀር ከጠዋት ጀምሮ ሥጋውን አመጣጥኖ መሸጥ ነው። ቁርጥ ፈላጊው ሽንጡን ሁሉ በቀትር ከጨረሰው ማታ የሚመጣው ደንበኛ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ ሄዶም ላይመለስ ይችላል።

የሥጋው ጭረት በየት በኩል እንደሚሄድ አይቶ አቋርጦ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ በርዝመቱ የተቆረጠ ጥብስ ምድጃው የቱንም ያህል ቢነድ አይላላም። ጅማትና ስስ ሽፋን መግፈፍ የሚለመደው በወርች ላይ ነው፤ ለዚህም ነው ጀማሪ ወርች የሚሰጠው። ቢበላሽም ጉዳቱ ትንሽ ነው። ሚዛን ላይ አጥንት ሲደረግ ደንበኛው እያየ ይሁን። ከተመዘነ በኋላ አንዲት ቁራጭ ጣል አድርጎ መመረቅ ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጣል፤ የምርቃቱ ሥጋ የሚወጣው ግን ከባለቤቱ ኪስ ስለሆነ ቆራጩ ልኩን ይጠይቅ።

ይህን ሁሉ የሚያስተምር ሰው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ አይደለም። አንጋፋው ቆራጭ ነው። ጀማሪው ጋሼ እያለ ይጠራዋል፣ ካራውን ያጥብለታል፣ መጥረቢያውን ያቀብለዋል፣ ማታ ማታ ሥጋ የሚቆረጥበትን ግንድ በጨውና በፈላ ውሃ ይፈገፍጋል። ጋሼው በቃል ብዙ አያስረዳም፤ ተመልክቶ መያዝ ነው። መንግሥት የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች አሉት፤ ነገር ግን ለአንድ ተራ ሥጋ ቤት አሁንም ትልቁ ትምህርት ቤት ሥጋ ቤቱ ራሱ ነው። ወረቀት የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነው። ምግብ የሚነካ ሠራተኛ ሁሉ በየጊዜው የሚታደስ የጤና ምርመራ ማስረጃ ይኖረዋል፤ ያለዚያ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ቤቱም ሠራተኛውም ይቀጣሉ። ወደ ሥራው የሚገባበት ጥሩ ወቅት ደግሞ የሆሳዕና ሳምንት ነው፤ ፋሲካ ሲደርስ ሠራተኛ የማይጎድለው ቤት የለምና፣ እጅ ያለው ሁሉ ይፈለጋል።

ወቅት የሚለውን ነገር በቀላሉ ማለፍ አይቻልም፤ የዚህን ሙያ ኑሮ የሚቀርፀው የጾም አቆጣጠር ነውና። የኦርቶዶክስ ምእመን ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን ነው፤ ነነዌ 3 ቀን አለች፤ የገናና የሐዋርያት ጾም ይጨመራሉ። ከተማ ውስጥ የገናንና የሐዋርያትን ጾም ሁሉም ሰው ስለማይጾም ገበያው ይቀንሳል እንጂ አይሞትም። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ግን የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሥጋ መሸጡን ያቆማል። አንዳንዱ ዓሣና ሽሮ ይሸጣል፣ አንዳንዱ ቤቱን ቀለም ያስቀባል፣ ሠራተኛው አገሩ ይገባል። በቅበላ ሰሞን ሥጋ ቤቱ ከወትሮው በላይ ይጨናነቅና ሰኞ ጸጥ ይላል። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ካሣ አለ፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ጥሩ ባለ ሥጋ ቤት የዓመቱን ትርፍ የሚያጠራቅመው በእነዚያ ቀናት ነው። የሙስሊም ሥጋ ቤት የራሱ ምት አለው፤ በረመዳን ቀኑ ቀዝቅዞ ከአፍጥር በፊትና በኋላ ይደራል፤ ኢድ አል አድሐ ሲደርስ ደግሞ ሰው በየቤቱ ስለሚያርድ ሥጋ ቤቱ ሳይሆን አራጁ ይፈለጋል።

ስለ አደጋው ትንሽ። ቆራጭን የሚወጋው የደነዘ ካራ ነው፤ የተሳለ ካራ ወደተመራበት ይሄዳል፣ የደነዘው ይንሸራተታል። የሚቆስለው ሥጋውን የያዘው እጅ ስለሆነ በውጭ አገር ያ እጅ የብረት መረብ ጓንት ያደርጋል። እኛ ጋ ብዙም አልተለመደም፤ ቢለመድ ጥሩ ነው። የወደቀ ካራ አይቀለብም፣ ይወድቅ። እጁ የቆሰለ ሰው ሥጋ አይንካ። በድንገት የሞተ ወይም ደሙ ያልረጋ ከብት ሥጋ “ርካሽ ነው” ተብሎ ቢቀርብ አጠገቡም አይደረስ፤ አባ ሰንጋ በቆዳ ቁስል በኩል ይገባል።

ሴቶች በካራው በኩል ጥቂት ናቸው። ባሕላችን ማረድን ለወንድ ስለሰጠ ዶሮ ለማሳረድ ጎረቤት ወንድ የምትፈልግ እናት አሁንም አለች፤ ሥጋ መበለትም ከዚያው ጋር ተያይዞ የወንድ ሆኖ ቀረ። ይሁንና አንዲት ዶሮ ለወጥ 12 ብልት አድርጋ ያለ ስህተት የምታወጣ ሴት መገጣጠሚያውን በጣቷ አግኝታ መለየት ታውቃለች፤ የበሬም መበለት ከዚህ በመጠን እንጂ በዕውቀት አይለይም። የሥጋ ቤት ባለቤት የሆኑ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ከካሽ መቀበያው ተነሥተው ወደ ግንዱ ቢሄዱ የሚከለክላቸው ሕግ የለም።

የራስን ቤት መክፈት ሌላ ደረጃ ነው። ንግድ ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ቤቱ የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ የሚታጠብ ግድግዳና ወለል፣ ውሃ፣ የፍሳሽ መውረጃ፣ ሥጋውን ከአቧራና ከዝንብ የሚከልል መስታወት። ሙሉ በሬ ለመግዛት አቅም የሌለው ጀማሪ ከሌላ ባለ ሥጋ ቤት ጋር አንድ በሬ ተካፍሎ ይጀምራል፤ ይህም ቅርጫን በንግድ መልኩ ማምጣት ነው። የሥጋ ቤት ትርፍ ከጥሬ ሥጋው ብቻ አይመጣም፤ ከጥብሱ፣ ከዱለቱ፣ ከቢራው ነው የሚሰበሰበው። በአንድ ጎዳና ላይ ብዙ ሥጋ ቤት መኖሩም ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ እስኪፈርስ ድረስ ደንበኛ የሚጎርፍበት ሥጋ ቤቱ አንድ ስላልነበረ ነው፤ ሰው ወደ ሰፈሩ ይመጣል፣ ከዚያ ያማርጣል።

ከሥጋ ቤት ውጭም መንገድ አለ። ሞጆና ቢሾፍቱ አካባቢ ያሉ የኤክስፖርት ቄራዎች የበግና የፍየል ሥጋ አቀዝቅዘው ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይልካሉ። ሥራው እንደ ፋብሪካ በመስመር ነው፤ አንዱ ቆዳ ይገፍፋል፣ አንዱ ሆድ ዕቃ ያወጣል፣ አንዱ ያጥባል፣ አንዱ ይመዝናል። ንጽሕናንና የማቀዝቀዣን ሥርዓት እዚያ የተማረ ሰው ሥጋ ቤት ቢከፍት ይበልጣል፤ ጎዶሎው ነገር ከብት ገዝቶ፣ ደንበኛ አስተናግዶ አለማወቁ ነው። ወደ ጀርመን የሄደ ወጣት ደግሞ ሥጋ ቆራጭነት እዚያ የ3 ዓመት ሥልጠና መሆኑን ይወቅ፤ በድርጅቱ እየሠራ፣ ደመወዝ እየተከፈለው፣ የሙያ ትምህርት ቤት ይማራል። የጀርመን ሥጋ ቤት ግን አብዛኛው ሥራው በአሳማ ሥጋ ላይ ስለሆነ፣ ሃይማኖቱ የሚከለክለው ሰው ውሉን ከመፈረሙ በፊት ሐላል የሚያርድና የሚሸጥ ድርጅት መፈለግ ወይም ነገሩን በግልጽ መነጋገር ይኖርበታል።

አገር ቤት ተቀጥሮ ለሚጀምር ሰው ደግሞ ከመግባቱ በፊት የሚነጋገርባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የጾሙ ነው፤ ቤቱ በዐቢይ ጾም ሲዘጋ ደመወዝ ይቀጥላል ወይስ ይቆማል፣ ወይስ በግማሽ ይከፈላል? በየቤቱ ይለያያል፤ ያልተነጋገረ ሰው የካቲት ላይ ይደነግጣል። ሁለተኛው ገበያው ነው። “ከብት ልትገዙ ስትሄዱ ይዛችሁኝ ሂዱ” ማለት ነውር የለውም። መጀመሪያ ላይ ገመድ ሊያስይዙት ይችላሉ፤ ይያዝ። ገመዱን ይዞ ቆሞ እያንዳንዱን በሬ በልቡ ይገምት፤ በማግስቱ ማለዳ ሥጋው ሲመጣ ሚዛኑን ይይና ግምቱን ከሚዛኑ ጋር በደብተር ይጻፍ።